ኦ ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

ለምወድህና ለበደልኩህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሰነበትክ ማለቱም ያሳፍራል፤ አሥራ አምስት ዓመት መሰንበት አይባልም። ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ሁለት ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስማቸውን ለመጠየቅ ግን ፊት አልነበረኝም። ወገብህንስ ተሻለህ? አሁንም መኪና ሥር ተንጋለህ የምትውል ከሆነ ሲሚንቶው ላይ አትተኛ፣ ካርቶን አንጥፍ። ይኸው፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ማዘዝ ጀመርኩ። ታላቅነት መቼም አይለቅም።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እትዬ የምትላት ባለቤቴ ካረፈች ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኗ ነው። በወረቀት እንዲህ መስማትህ አንጀቴን ይበላዋል። ስልክ ብደውል ግን ድምፅህን ስሰማ አንዲት ቃል አይወጣኝም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የምታውቀውንም እደግምልሃለሁ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባሃል፣ አትሰልች።

ከተጋባን ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅ ስናጣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነበር። እኔም ዝም ብዬ አየሁ። በኋላ የራሴን የዘር ናሙና በምሠራበት ላብራቶሪ፣ በራሴ ማይክሮስኮፕ አየሁት። አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ስላይዱን፣ ናሙናው ያረፈበትን መስታወት፣ ቀየርኩ፤ ጥፋቱ የስላይዱ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ሐኪሙ ከማናውቀው ለጋሽ ዘር መውሰድ እንደምንችል ነገረን። እኔ ግን ድርቅ አልኩ፤ ከደማችን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ከዚያ ዐይኔን በጨው አጥቤ ዘርህን ልለምንህ ጋራዥህ ድረስ መጣሁ። አንተ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ ጋሼ፣ ይኼማ ደም እንደ መስጠት ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል አልከኝ። ያቺን አነጋገርህን ስንት ጊዜ አስቤአታለሁ!

ሦስታችን የፈረምን ዕለት የምክር ነርሷ ያለችንንም አትረሳውም። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ይስማ፣ ድንገት የሚያውቅበት ቀን እንዳይኖር አለች። እትዬህ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እኔ ግን ውጭ እንደወጣን ለማንም እንዳትናገሩ አስማልኳችሁ። ወንድ አይደለም እንዳይሉኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሕክምናው በሁለተኛው ሙከራ ተሳካና ልጃችን ድንቡሼ ተወለደች።

ወንድሜ፣ እንደዚያች ልጅ የወደድኩት ነገር የለም። ሦስት ዓመት ሲሞላት ግን ሳቋ አንተን ሆኖ ቁጭ አለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ በአንተው ፊት፣ ቁርጥ አጎቷን ናት ስትል ክው አልኩ። በሳምንቱ መሰላሌን ሰበርክብኝ ብዬ ተነሳሁብህ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ያልኩህ በመሰላል ነው። መሰላሉ አልተሰበረም ነበር። ዛሬም ጓሮ ቆሟል፤ አምፖል በቀየርኩ ቁጥር እሱ ላይ ወጥቼ ሳፍር ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። ስድስት ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤቱ የደም ዓይነት የተጻፈበት የጤና ካርድ አምጡ አለ። እኔው ላብራቶሪ ወሰድኳትና ጣቷን ወጋኋት። አባዬ እጅህ አያምም አለችኝ። ጠብታው የቢን ደም በሚለየው ፈሳሽ ላይ ተጓጎለ፤ ቢ ናት ማለት ነው። እኔ ኦ፣ እናቷ ኦ። ከሁለት ኦ ቢ እንደማይወለድ ለጀማሪ ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። አንተ ቢ መሆንህንም አውቅ ነበር፤ የመረመርኩህ እኔው ነኝ። ከደማችን ይሁን ብዬ ስፎክር ያቺን ነገር አንዴ እንኳ አላሰብኳትም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደም ሲለይ የኖረ ሰው የወንድሙን ደም ይረሳል? እኔ ረሳሁ። ስላይዱን አጠብኩና ካርዱ ላይ ኦ ብዬ ጻፍኩ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ውጤት እሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ እትዬህ ከማኅፀኗ ደም ይፈሳት ጀመር፤ ሲታይ ለካ ሥር የሰደደ ዕጢ ነው። ደም አስፈለጋት። ድንቡሼ አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበርና ደስታዋን አልነግርህም፤ እኔም እሷም ኦ ነን፣ ከእኔ ወደ እሷ ቀጥታ ነው እያለች ሮጠች። ደም ባንኩ ቢ ነሽ አላት። ወረቀቷን ይዛ እየሳቀች እኔ ዘንድ መጣች። አባዬ፣ ሰዎችህ ተሳስተዋል፣ አንተ ድገመው አለች። ከእኔ በላይ የምታምነው ላብራቶሪ የላትማ! አጠገቤ እንደቆመች ደገምኩት። ሲጓጎል አብረን አየነው።

ተማሪ ናት፣ ከሁለት ኦ እንዳልተወለደች ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። ታዲያ እኔ ከማን ነኝ አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኳት ልንገርህ። እናትሽን ጠይቂ አልኳት።

ሄዳ ጠየቀች። እኔ የክፍሉ በር ላይ ቆሜአለሁ። እትዬህ በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ነበረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷም ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ አባትሽ ግን አባትሽ ነው፣ እሱን አታስቸግሪብኝ አለቻት። ልጅቷ እንዳመነዘረች ቆጠረችው። ምን ታድርግ፣ ማንም ይህንኑ ይቆጥራል። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉን ዘጠኝ ቀን አልረገጠችም።

እትዬህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ድንቡሼ ፈተና ላይ ናት አይደል ትለኛለች። አዎ፣ ፈተና ላይ ናት እላለሁ። ልንገራት ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ አይ፣ ለአንተ ይከብድሃል አለች። ለእኔ! እሷ እየታመመች ለእኔ መክበዱ አሳሰባት። ያን ጊዜ እንኳ ተነስቼ አልሮጥኩም፤ እፎይ ነው ያልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነቴን ነው፣ እፎይ አልኩ።

በአሥረኛው ቀን የእትዬህ አንደበቷ ተያዘ። ቤት ስገባ ድንቡሼ ዕቃ እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔን ናሙና፣ አንተን፣ ነርሷን፣ መሰላሉን፣ ካርዱን። ሳህኑን በቀስታ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇ ላይ አረፋው ሳይደርቅ፣ በነጠላ ጫማ እንደሆነች፣ የሆስፒታሉን መንገድ ይዛ በረረች።

ሁለት ቀን የእናቷን እጅ ይዛ አወራቻት። እማዬ ይቅር በይኝ፣ እማዬ አልገባኝም ነበር እያለች። እትዬህ ሳትመልስላት አረፈች። መጨረሻ የሚጠፋው መስማት ነው፣ ሰምታሻለች አለቻት የሆስፒታሉ ነርስ። እኔ ያልተመረመረ ነገር የማላምን ሰው ነኝ፤ ይኼን ግን አምኛለሁ፤ ካላመንኩ ውዬ አላድርም።

ድንቡሼ አትሳደብም፣ በር አትወረውርም። ምሳ ቀርቧል ትለኛለች። አባዬ ግን ቀርቷል። ትናንት አድራሻህን ጠየቀችኝ፤ እኔም ለእሱ የምልከው ደብዳቤ አለ፣ አድርሺልኝ አልኳት። እንግዲህ ይህን ስታነብ ከፊትህ የቆመችው እሷ ናት። ፖስታውን አላሸግሁትም። የአውቶቡሱ መንገድ ረጅም ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጻፈ ነገር ካገኘች አታልፍም።

ተቀበላት። ለቤተሰብህ ምን እንደምትል አንተ ታውቃለህ፤ ደግሞ በእኔ ፈንታ እንድትዋሽ አልለምንህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ እናትሽ ንጹሕ ነበረች በላት። ከእኔ ሰምታዋለች፤ የእኔ ቃል ግን ምን ያህል እንደሚያወጣ እሷም አንተም ታውቃላችሁ።

ካርዱን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። በእኛ ሥራ የተሳሳተ ውጤት አይፋቅም፤ የቀድሞው እንዲታይ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ ይፈረምበታል። ኦ የሚለውን ሰርዤ፣ ቢ ብዬ፣ ከነቀኑ ፈርሜበታለሁ። ከሥሩ የአባት ስም የሚል መስመር አለ። እሱን አልነካሁትም። እስክሪብቶዬን ፖስታው ውስጥ ከትቼላታለሁ፤ የምታደርገውን እሷ ታውቃለች።

ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ልጆችህ ዐይን ዐይንህን እያዩ ይደጉልህ። ቤትህን ሰላም ያድርገው።

በመሰላል ያባረረህ፣
ታላቅ ወንድምህ