ወይዘሮ እንቁ ሆራና ክብ ጥግ ያላቸው የቤት ዕቃዎቻቸው (1946–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እንቁ ሆራ ከአባታቸው ከአቶ ሆራ በዳሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ዋቆ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. በወለንጪቲ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። በቤታቸው ከጭቃ መደብና ከሁለት በርጩማ በቀር መቀመጫ አልነበረም። ይህን የምንጠቅሰው አንጀት ለመብላት አይደለም። ወይዘሮ እንቁ ራሳቸው «እኔ ወንበርን ያወቅሁት ከመደብ ተነስቼ ነው» እያሉ በኩራት ይናገሩት ስለነበር ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወለንጪቲ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በናዝሬት ተከታትለው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1967 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ የቤት አያያዝ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ጊዜው ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው የሚሄዱበት፣ ዕቃቸውም በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥበት ነበር። ወይዘሮ እንቁ በመጀመሪያ ደመወዛቸው አልጋ ሊገዙ ወጥተው፣ ባለ ክብ መስታወት የመኳኳያ ጠረጴዛ አሸክመው ተመለሱ። ጠረጴዛው ሹል ጥግ የሚባል ነገር አልነበረውም። ጎኖቹ እንደ ወንዝ ድንጋይ ክብ ናቸው። የፊቱ እንጨት ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናል። አባታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ልጃቸው ምንጣፍ ላይ እንደምትተኛ አይተው ክው አሉ።

«ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አልጋ ሳይኖርሽ መስታወት?»

«አባዬ፣ አልጋውንማ ስተኛበት አላየውም። ይሄን ግን ነቅቼ አየዋለሁ!»

በ1970 ዓ.ም. ከአቶ አማኑ ረጋሳ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ አማኑ የኤንትሬ ፊያት ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ሻሸመኔ የማያውቁት ከተማ፣ ያልቆሙበት ምግብ ቤት አልነበረም። ሙሽራዋ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስተማሯቸው፦ በየደረሱበት ክብ ጥግ ያለው ዕቃ እንዲፈልጉ። አቶ አማኑም ፈለጉ። መተሐራ ላይ ዶሮ የሚሰፍርበት ባለ ክንድ ወንበር አገኙ። ዝዋይ ላይ ዓሣ የሚመዘንበት ጠረጴዛ አገኙ። ከሞጆ የራስጌው ቅስት የሆነ አልጋ ይዘው መጡ፤ መምህርቷም በመጨረሻ አልጋ ላይ ተኙ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከሻሸመኔ፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ቢላዋ ይቀመጥበት የነበረ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ቡፌ ከመቂ ሽንኩርት ላይ ጭነው ገቡ። መኪናው በር ላይ ሲቆም ጥሩምባውን እያስጮሁ ይጣሩ ነበር፦

«እንቁዬ! ውጪ! እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ!»

ወይዘሮ እንቁም ማማሰያ በእጃቸው እንደያዙ ሮጠው ይወጡ፣ ከወንዶቹ በፊት መኪናው ላይ ይወጡ፣ ሽንኩርቱ መሐል ተንበርክከው እንጨቱን ይዳብሱ ነበር። የግቢ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሑስና፣ ከወሎ መጥተው በከተማው ጨርቅ የሚነግዱት የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ይቀልዱባቸዋል፦

«ዛሬስ ስንተኛዋን ጣውንት አመጣልሽ?»

«ስምንተኛዋን! ደግሞ ከሁሉም ቆንጆዋ ናት፤ ነይ እግሯን እዪልኝ!»

እነዚህ ዕቃዎች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በአውሮፓ የተሠሩ ነበሩ። የውጭ አገር ሰዎች በባቡርና በመርከብ አምጥተዋቸው፣ ሲሄዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ባልና ሚስቱ ስማቸውን እንኳ አያውቁም ነበር፤ «ክብ ጥግ» ይሏቸዋል። በ1997 ዓ.ም. ልጃቸው ጉደታ ኢንተርኔት ቤት ወስዶ በአውሮፓ የተሸጡ መሰሎቻቸውን ሲያሳያቸውና የአሠራሩ ስም «አርት ዴኮ» እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ወይዘሮ እንቁ «አማኑ! የቡፌው ዘመዶች ተገኙ!» ብለው ሲጮኹ የቤቱ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቷል።

ይህን ፍቅር የናቁ ብዙ ነበሩ። በደርግ ጊዜ አንድ ካድሬ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «ይህ የቡርዧ ዕቃ ነው» ሲላቸው፣ «ጓድ፣ ቁጭ ብለው ይገሥጹኝ» አሉት። ጓዱ ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ደገፍ አለ፣ ተግሣጹን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። ኋላ ደግሞ «የጣሊያን ኮተት» የሚሉ መጡ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በየሳሎናቸው የደረደሩት ቺፕውድ የወለል ውኃ ሲነካው እንደ ሾርባ ዳቦ ያብጣል፤ ላስቲኩ ሳይገፈፍ የሚሰበር ሶፋ ገዝተው፣ ልጆቻቸውን «እንዳትቀመጡበት!» እያሉ ያሳድዳሉ። የወይዘሮ እንቁን ቤት ሊንቁ ቀርቶ ደጁን ለማለፍም ማፈር ነበረባቸው። በእሳቸው ቤት እንዳትቀመጥ የተባለ ልጅ የለም። የቤት አያያዝ ተማሪዎቻቸው ጠረጴዛ ማልበስን የተማሩት በዝዋዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሠፈሩ ሙሽሮች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በእነዚያ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ተሞሽረዋል።

አሁን በከተማው ለዓመታት ሲናፈስ ወደኖረው ወሬ እንመጣለን። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም የሚል ካለ፣ ወሬውን ሲያናፍስ ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት።

አቶ አማኑ ረጋሳ በሐምሌ ወር 1999 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። እንደ አገሩ ወግ የሠፈሩ እድር ሰዎች ሳሎኑን ለለቀስተኛ ሊያስለቅቁ መጡ፤ ወንበርና ቡፌ ወጥቶ መሬት ላይ ፍራሽ መነጠፍ ነበረበት። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጠሃ በቅንነትና በትጋት «ሳሎኑ ይለቀቅ! ለቀስተኛው የት ይቀመጥ?» እያሉ አዘዙ። ሁሉም ዕቃ ግቢ ወጣ፤ ሸራ ለበሰ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አቧራ ያስነሳ ንፋስ መጣና ሸራውን ገልቦ ወሰደው። ዝናቡ ተከተለ። ወይዘሮ እንቁ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ ዝናቡ እንጨት ላይ ሲወርድ ሰሙ። ለቀስተኛውን ገፍተው፣ በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡና ቡፌው ላይ ተደፉ።

«ጠሃ! አማኑን ቀብረህ አልበቃህም? እጁን ደግሞ በዝናብ ታጥበዋለህ?»

ይህን ጩኸት ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ሲመሽ በከተማው የተወራው ግን «ባሏ ሞቶ ለቡፌ አለቀሰች» የሚል ነበር። ገበያ ላይ ተወራ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተወራ፤ ምራቅ የዋጡ ሰዎች ሳይቀሩ እየሳቁ አወሩት። ስማቸውን እዚህ መጻፍ ወረቀቱን ማቆሸሽ ስለሆነ ትተነዋል። እውነቱን ግን ዛሬ ይስሙት። አቶ አማኑ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር፣ ገላቸውን ታጥበው ምሳ ሳይቀርብ በፊት፣ ቫርኒሽ በስፒሪቶ አቅጥነው፣ በጥጥ ጨርቅ ያንን ቡፌ እያሹ ያወለውሉት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ! የቡፌው ወዝ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነበር። ወይዘሮ እንቁ በዚያ ቀን በዝናብ ሲታጠብ ያዩት የባላቸውን እጅ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዋደዱ አያውቅም ማለት ነው፤ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም።

ሐዘኑ ሲያልፍ ቡፌውን ገልጠው አዩት። እንደ ወረቀት የሳሳው የላይኛው የእንጨት ልባስ በየቦታው ተነፍቶ ተነስቷል። ያሳዩዋቸው ሁለት አናጺዎች «ይላጥና ፎርማይካ ይለጠፍበት» አሏቸው። ሁለቱንም በጨዋ ደንብ ከግቢ አስወጧቸው። ለወራት ልባሱን እየነኩ አሰቡ። አንድ ቀን ወይዘሮ ሑስና መጋረጃ ሊተኩሱ ከቤታቸው ካውያ ይዘው መጥተው፣ የጋለውን ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገው ቡፌው ላይ ረሱት።

«አንቺ! ካውያው!» ብለው ወይዘሮ እንቁ ተወርውረው አነሱት። ከጨርቁ ሥር የነበረው የተነፋ ልባስ ለስልሶ ወደ ቦታው ወርዷል። ሙቀትና እርጥበት የድሮውን የቆዳ ኮላ አቅልጦት ነበር። የቤት አያያዝ መምህርቷ ወዲያው ገባቸው። ልባሱ ላይ ጣውላ አስተኙ፣ በጣውላው ላይ የዱቄት ጆንያ ጫኑ፣ ነግቶ እስኪያነሱት አላስቻላቸውም።

«ያዘ! ሑስና፣ ያዘልሽ! ነይ በጥፍርሽ ሞክሪው!»

«ወላሂ ይዟል! አማኑ ቢያይ ይሄኔ ጥሩምባውን አስጩሆ ሠፈሩን ያሳብደው ነበር!»

ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሳቁ፤ እያለቀሱም ሳቁ። ከባላቸው ሞት በኋላ በዚያ ቤት ሳቅ መጀመሪያ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ቡፌውን ከዳር እስከ ዳር አድነው፣ ወዙንም በአቶ አማኑ ጨርቅ እያሹ መለሱት። ወይዘሮ እንቁ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ግቢያቸው ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ማደሻ ከፈቱ። ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከአሰላ ሰው ዕቃውን እያስጫነ መጣ። በካውያ የሚሠሩ ብቸኛ የዕቃ ሐኪም ናቸው እየተባለ ተቀለደ፤ እሳቸውም ቀልዱን ወደዱት። የተጨረማመተ ወንበር በር ላይ ሲወርድ ከቁርሳቸው ተነስተው ይሮጡ ነበር። ሰባ ሊሞላቸው ሲቃረብም ሩጫው አልቀረም።

ከአቶ ጠሃ ጋር ግን አይነጋገሩም ነበር። በ2004 ዓ.ም. አቶ ጠሃ የእናታቸውን የተሰበረ ወንበር ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ እንቁ፣ እኔን ይቅር አይበሉኝ፤ ወንበሩ ግን ምን በደለ?»

«ወንበሩ ይግባ። አንተ እዚያው ቁም።»

«እሺ፣ እቆማለሁ።»

«ቆመህስ ልትቀር ነው? ግባና ያዝልኝ እንጂ፤ ብቻዬን ላነሳው ነው?»

ዕርቁ እንዲህ ሆነ። ሽማግሌ አልተላከበትም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ እንቁ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። እሳቸው ሲሞቱ ከሳሎናቸው አንዲት ወንበር እንዳትወጣ፤ ለቀስተኛውም መሬት ላይ ሳይሆን ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ እንዲያለቅስላቸው። በ2010 ዓ.ም. በእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነስተው ተናገሩ። «ሐዘንተኛ መሬት ይቀመጣል፣ ወጉ ነው» የሚሉ ጮኹባቸው። «እንግዲያው ጉልበቱን ያመመው ሽማግሌ ሊያለቅስልኝ ሲመጣ ተነስቶ እንዳይሄድ ልታግቱልኝ ነው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ውሳኔው ግን ሳይሰጥ ቀረ። ይህ ነገር እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስጨንቃቸው ነበር። በሞት ፊት ሰው አይደመጥም፤ የሚያዝዘው ጎረቤት ነው። ይህን በ1999 ዓ.ም. በዓይናቸው አይተዋል።

ወይዘሮ እንቁ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲበረታባቸው ልጃቸውን ሃዊን ጠርተው «ልጄ፣ አደራሽን፤ ሳሎኑን አስጠብቂልኝ» አሏት። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም.፣ ከሞጆ በመጣላቸው አልጋ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ እንቁ ሆራ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ሃዊና ጉደታ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ከእህት የማያንሱት ወይዘሮ ሑስና በሕይወት አሉ።

ትናንት የእድሩ ወጣቶች ሳሎኑን ሊያስለቅቁ ሲገቡ፣ ሃዊ በሩ ላይ ልትቆም ሄዳ ቀድሟት የቆመ ሰው አገኘች። አቶ ጠሃ ከዘራቸውን በበሩ ላይ አጋድመው «እጃችሁን አንሱ! ከዚህ ቤት ስንጥር አይወጣም፤ ለቀስተኞች ነገ እዚሁ ይቀመጣሉ!» ሲሉ ደጁ ሁሉ ሰምቷል። ሳሎኑ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ከቀብር ስትመለሱ ኑ። ደጅ ቆማችሁ አትመለሱ፤ ዕቃው ይበላሻል ብላችሁ አትሳቀቁ። ያንን ወሬ ያወራችሁም ኑ፤ ለእናንተም ወንበር አለ፣ ምቾቱም ለእናንተ ተብሎ አይቀነስም። እግዚአብሔር አምላክ የወይዘሮ እንቁን ነፍስ በደስታ ይቀበላት፤ ቤተሰባቸውንና ወዳጆቻቸውን ሁሉ በመጽናናቱ ይጎብኝ።

ግቡ። ተቀመጡ።