ስለ ወንዝ ዳር አይጦችና ስለ አባባ

ይድረስ ለእታለም ዘነበች አያሌው፤ ቤሩት።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ነገር አለና ተቀምጠሽ ስሚኝ። የቤታችን አይጦች ከነልጆቻቸው ቤቱን ለቀው መሰደዳቸውን በታላቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ። ምክንያቱ ሲጣራ ጎተራው ባዶ መሆኑ ተረጋግጧል። ድመቷም ሥራ ስለፈታች ጎረቤታችን ኑርሁሴን ቤት ገብታለች፤ እዚያም ያለ ደመወዝ ነው አሉ።

እንደምን ነሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ማዳምሽስ በየቀኑ ምንጣፍ ማስረገፉን ተወችልሽ? እኛ የቀረነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ገና ሰሞን ስልክ ሲከፈት እያለቀስሽ ያልሽው ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። አባቴን ለአይጥ ብላ ያስገደለችብኝ ልጅ አይቅናት ብለሽ ረገምሽ። ያንን እርግማን እንድታነሺ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ልጅቷ ሰምሃር ትባላለች። ወልዲያ ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ ወልደገሪማ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከትግራይ የመጡ፣ እሷ ግን እዚያው ወልዲያ ተወልዳ ያደገች። በመርሳ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ስንት ዓይነት ትንንሽ አውሬ እንዳለ ለትምህርቷ ልታጠና መጥታ እኛ ቤት አረፈች፤ አባባም ጫካውን ያሳዩዋት ጀመር። ማታ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ይደረጋል። አይጥ ልትበላ ስትገባ በሩ ይዘጋል። ጠዋት ትመዘናለች፣ ጆሮና ጅራቷ ይለካል፣ ከዚያ እንደ ክቡር እንግዳ ትሸኛለች። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። አይጥ ይዞ፣ መግቦ፣ መልሶ የሚለቅ ሰው በሐብሩ ምድር ታይቶ አያውቅማ! ልጅቷንም "የአይጧ ልጅ" አሏት፤ የአባቷን ስም የጠየቀ አልነበረም።

አባባም መጀመሪያ አይጥ አይጥ ነው ባይ ነበሩ። ኋላ ግን ጀርባዋ ግራና መስኖ ላይ እንዳለው የሽንኩርት መደብ የተሰመረባትን፣ ጠጉሯ እንደ እሾህ የሚወጋውን፣ አፍንጫዋ ረዝሞ የማይመለከታትን ሁሉ የምታሸተውን እየለዩ ያወሩልን ጀመር። አፍንጫማዋን ቶይባ አሏት። የኑርሁሴን ሚስት ቶይባ ይህን ሰምታ ስንት ቀን አኮረፈች መሰለሽ! ከማሽላው ማሳ ይልቅ ሾላውና ዶቅማው ሥር ዓይነቱ ይበዛል፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉንም ያስጠጋል እያሉ መምህር መሆን ይቃጣቸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ተኩሱ ከወልዲያ ወደ እኛ ወረደ። መንገድ ስለተዘጋ ሰምሃር እኛው ጋ ቀረች፤ እማማም ከጓዳ አትውጪ አለቻት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባባ ኬላው ጋ ሲያልፉ መታወቂያ የሚያዩት ጎረምሶች ስለ አንድ ሳጥን ሲያወሩ ሰሙ። ከወንዝ ዳር ሳጥን ታይቷል፣ መድፍ የሚጠራ መሣሪያ ነው፣ ነገ ጫካውን አስሰን ባለቤቱን እናገኘዋለን ይላሉ። መድፍ በኦቾሎኒ ቅቤ ሲጠራ አስቢው! አባባ ቤት ገቡ። ይህን አብሯቸው የነበረው ኑርሁሴን ነው አሁን በቅርቡ የነገረኝ፤ ለእኛ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ሲነጋ ካራቸውን ወገባቸው ላይ ሽጠው ተነሡ። አይጦቹ ተዘግቶባቸዋል፣ በረሃብ ያልቃሉ አሉ። እማማ ሰው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፣ አንቱ አይጥ ልታስፈቱ ነው? ብላ ጮኸችባቸው። የታሰረማ ጠያቂ አይጣ ብለው እየሳቁ ወጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው እየሳቁ ነው፣ እታለም።

ጥይቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ባለቤት አልተገኘለትም። ኑርሁሴን ሾላው ሥር ወድቀው አገኛቸውና አዝሎ አመጣቸው። ተመልሶም ንብረት ነው ብሎ ሳጥኖቹን በጆንያ ለቅሞ መጣ። ቄሶቹ ሸሽተው ስለነበር ጉድጓዱን ከእሱ ጋር ቆፈርነው። እኔ አባታችን ሆይ እስክጨርስ ድረስ እሱ በበኩሉ ዱዓ እያደረገ ጠበቀኝ። ሰምሃርም መንገድ እንደተከፈተላት እያለቀሰች ወደ ወልዲያ ሄደች። ከዚያ አገሩ ሁሉ አያሌው ለአይጥ ሞተ አለ። እኔም አልኩ። ልቅሶ ሲያንቀኝ ፌዝ እንደሚቀናኝ ታውቂያለሽ።

በጥር መጨረሻ ሰምሃር ለቅሶ ልትደርስ መጣች፤ መጥታም ከአጥሩ ውጭ ቆመች። እማማ የቤት ልጅ ደጅ ቆሞ ያለቅሳል ወይ ብላ ጎትታ አስገባቻት። ሰምሃርም ወጥመዱን ሳላነሳ ባልቀር ኖሮ እያለች ደረቷን ትመታለች። ሳጥኖቿን ትውሰድ ብዬ ጆንያውን አመጣሁላት። አንዱን አነሣች፣ ገለበጠችው። ሌላውን ገለበጠች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቢጠፋ እንዲመለስላት በየሳጥኑ ላይ ስሟን ከነአባቷ በቀይ ቀለም ጽፋበት ነበር። በዚያ ሰሞን እነዚያ የኬላው ልጆች ያንን የትግራይ ስም ቢያነቡ ኖሮ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁም ነበር። አሁን የለም። በካራ ተፍቋል። በአንዱ ላይ ብቻ "ወልደ" የሚለው ቀርቷል፤ አባባ እሱን ሲፍቁ ነው ጥይቱ የመታቸው። የሳጥኖቹም በር ሁሉ ክፍት ነበር።

ጫካው ግን የለም። መብራት በጠፋባቸው ወራት ሾላውንም ዶቅማውንም ራሳችን ቆርጠን አነደድነው። ሰምሃር የቀረውን አይቼ እንደገና እጀምራለሁ ትላለች። እማማ መርቃታለች። የቀረው ያንቺ ነው።

እማማ ዓይንሽን ትስማለች፤ ውፍረትሽንም ፎቶ አንስተሽ ላኪ ትላለች። ኑርሁሴን ሰላም ብሎሻል። ቶይባም ብላለች፤ ኩርፊያዋን ትታ አሁን ስለ አባባ ስታወራ ታለቅሳለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሊዲያ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ ደምሴ አያሌው
መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

እርማት፦ ገና ሰሞን "አባባ ለአይጥ ሲሉ ሞቱ" በማለት ከዚህ ቤት በስልክ የተሰጠው መግለጫ የተሳሳተ መሆኑ ተረጋግጧል። "ለአይጥ" የሚለው "ለሰው" ተብሎ ይታረም።