የጆንያው መቀመጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከልጄ ከሰላም ጋር ከደብረ ታቦር ተመለስን። ሐኪም ቤት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ምንጣፍ ላይ ብታስቀምጣት ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ ወደቀች። አራት ዓመቷ ነው።

«ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምትቀመጠው?» አለችኝ።

ኮራ ብዬ ነገርኳት። ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው የእህል መደብሬ በግራ፣ በቀኝና በኋላዋ የገብስ ጆንያ አስደግፌ አስቀምጣታለሁ። ሳትወድቅ ገበያተኛ ስታይ ትውላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ያየ ሁሉ ብልሃቴን ያደንቅ ነበር።

ባለሙያዋ ግን፣ «እናቴ፣ የተቀመጠው እኮ ጆንያው ነው። እሷ ገና አልተቀመጠችም» አለች። ጀርባዋ ሥራ ፈቶ እንደከረመ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ራሷን መሸከም እንዳለባት አስረዳችኝ። ወደፊት በእግሯ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አሁን ልነግርዎት አልችልም። ብቻ ዛሬውኑ ይጀምሩ።»

እንደገባን መደብሩን ከፍቼ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፤ እንደ ወትሮው በጆንያዎቹ መሀል አስቀመጥኳትና የቀኙን ጆንያ ሳብኩት። ሰላም ዘመመች። መዳፏን ወደ መሬት ሰደደች፤ እጇ ግን አልያዛትም። ከስማዳ ምስር ይዞ የመጣ ደንበኛዬ፣ «እትዬ፣ ምነው ጨከኑ፤ ያንሷት እንጂ» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት።

ሦስት ጊዜ አስቀመጥኳት፤ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማ፣ ጆንያዬስ?» አለች።

ሸጥኩት አልኳት። ጆንያው ከኋላዬ ነበር፤ እንዳታየው በቀሚሴ ከለልኩት።