በወረቀት ላይ ብቻ ስለቀሩት አሥራ ሁለት ድንጋዮች

ጥር 13 ቀን 1977 ዓ.ም.
ሆሳዕና

የከተማዋን የትራፊክና የሕዝብ ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴዎች ለማዋሃድ ለተቋቋመው ኮሚቴ
ለተከበሩ ሊቀመንበር ለጓድ ወልደየሱስ

ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በሳምንት አራት ስብሰባ የሚመሩ ሰው እንደመሆንዎ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ወገብዎ እንዳይዝል፣ ከዚህም ይልቅ የመናኸሪያውን ቁልቁለት በገበያ ቀን በእግርዎ እንዲሻገሩ የሚያስገድድ ጉዳይ እንዳይገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በመናኸሪያው አጥር ጥግ፣ በጥቁር ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደረው ጠና ኤርሲዶ ነኝ። ለሰው መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ አጻጻፌ ቢጎድል ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ጥር 6 ቀን ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱ አማካሪ ኮሚቴዎች ሥራቸው ስለተደራረበ ወደ አንድ እንደሚጠቃለሉ፣ ይህንንም የሚያስፈጽም አራተኛ ኮሚቴ እንደተቋቋመ፣ ውህደቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ማናቸውም ደብዳቤ እንደማይወጣ፣ ሕዝቡም አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይገልጻል። የኮሚቴ ብዛትን በኮሚቴ የመቀነስ ሐሳብ ከእርስዎ በቀር ለማን ይመጣለት ነበር? ግብዣውን በምስጋና ተቀብያለሁ። የማቀርበውም ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከድር የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ከታሰረ ዛሬ መቶ ሃያ አንድ ቀኑ ነውና እንዲፈታ ነው። ከድር ገጭቶ ገደለ የተባለው ሰው ባለቤቴ ጣቢታ ናት።

ጉዳዩ በሦስት መዝገብ ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ ለማዋሃድ ሥራዎ ያግዝዎ ዘንድ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንድ ሽማግሌ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከተገጩ በኋላ፣ ረቡዕ ረቡዕ የሚሰበሰበው የሕዝብ ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴ አሥራ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች በመንገዱ ላይ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ እንዲቀመጡ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ከጃጁራም ሆነ ከአንጋጫ የሚመጣ መኪና ከላይ ጀምሮ በአንደኛ ማርሽ እየተጠማዘዘ ይወርድ ነበር፤ ቆጮና ቅቤ የተሸከሙ ሴቶችም ሳይሮጡ ይሻገሩ ጀመር። ለሰባት ወር ያህል አንድም ሰው አልተጎዳም። ስለዚህ በጎ ሥራ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ።

2ኛ. ጳጉሜ ላይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች በዚያ በኩል እንደሚያልፉ ሲሰማ፣ ሰኞ ሰኞ የሚሰበሰበው የትራፊክ አማካሪ ኮሚቴ የባለመኪኖችን ማመልከቻ ተቀብሎ ድንጋዮቹን አስነሳ። አሥራ አንዱ በኳስ ሜዳው ለክብር እንግዶች መድረክ መሠረት ሆኑ፤ አንዱ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተንከባሎ ቀረ። እንግዶቹም ሳይንገጫገጩ አለፉ። ስለዚህም ፈጣን ውሳኔ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ።

3ኛ. ከበዓሉ በኋላ ድንጋዮቹ ይመለሱ ዘንድ የገበያ ሴቶች ሲጠይቁ፣ ጉዳዩ ዓርብ ዓርብ ለሚሰበሰበው ለመንገድና ገበያ ሥርዓት አማካሪ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው በሰፊው ከተወያየ በኋላ ድንጋይ መመለስ የሚቻለው ድንጋይ መነሳቱ በጽሑፍ ሲገለጽለት እንደሆነ አስታወቀ። የዚህኛው ሰብሳቢ ማን እንደነበሩ መጻፉ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

4ኛ. ቅዳሜ መስከረም 12 ቀን ከጃጁራ እህል ጭኖ የመጣው የከድር መኪና በቁልቁለቱ አጋማሽ ፍሬኑ እምቢ አለው። ድንጋዮቹ ቢኖሩ ኖሮ ከላይ በዝግታ ይወርድ ነበር። አልነበሩም። ከድር ከሴቶቹ ለመሸሽ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘ፤ ጣቢታም ከዚያው በኩል ነበረች። መኪናው ከቦዩ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ሲቆም ሾፌሩ አልሸሸም፤ በክንዱ አቅፎ፣ መንገደኛ መኪና ለምኖ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር አብሯት ሄደ። እበር ላይ አረፈች።

5ኛ. ከድር የተከሰሰው ግን ፍሬኑ ስለተበላሸ አይደለም። መኪናውስ የእርሱ አይደለም፤ እርሱ ቅጥር ነው። የተከሰሰው "ለሕዝብ ደኅንነት የተቀመጡ አሥራ ሁለት ድንጋዮችን ጥሶ በማለፍ" ነው። ፖሊስ ጣቢያው በእጁ ያለው የረቡዕ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ስለሆነ፣ በዚያ መዝገብ ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሰኞ አንስቷቸዋል፤ ረቡዕ ግን አልሰማም። ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ሰው የሌለ ድንጋይ ጥሰሃል ተብሎ አራት ወር ሲታሰር በሕይወቴ የሰማሁት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ድንጋዮቹ መነሳታቸውን የሚያረጋግጥ አንዲት ወረቀት ለማግኘት ወደ እርስዎ ስመላለስ በትሕትና ያስተናገዱኝን አልረሳም። ሰኞ መጥቼ ነገሩ የደኅንነት ስለሆነ ረቡዕ እንድመለስ አዘዙኝ። ረቡዕ ስመጣ ውሳኔው የትራፊክ ስለሆነ ለትራፊክ ኮሚቴ መጻፍ እንዳለበት ነግረውኝ፣ እውነትም ለራስዎ ደብዳቤ ጻፉ። በሚቀጥለው ሰኞ ያንኑ ደብዳቤ ከራስዎ ተቀብለው፣ መነጽርዎን አድርገው አንብበው፣ ፍሬ ነገሩ ግልጽ አይደለም ብለው መለሱት። የከድር ባለቤት ሰፊያም ስንቅ ለማድረስ በምትመላለስበት መንገድ ሁሉንም ደጆች አዳርሳለች፤ ከየደጁም የተቀበላት ያው እርስዎ ስለነበሩ፣ በመጨረሻ ለእኔ የነገረችኝ ወንድማማቾች መስለዋት እንደነበር ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እኛ ሦስት ተክለን መሬት ላይ ነን።

የእኔንና የከድርን ነገር በሚመለከት ኮሚቴዎቹ እንዳይደክሙ አሳስባለሁ። የከድር ወገኖች በሰባተኛው ቀን ሽማግሌ ልከው፣ ከደጄ ላይ ቆመው፣ እንደ አገራችን ወግ ታርቀናል። ሰፊያ ከለቅሶው ድንኳን ሳትወጣ ከእህቶቼ ጋር ሰንብታለች። በቁልቁለቱ ላይ ያለው ደም በሽማግሌ ደርቋል፤ ያልደረቀው የእናንተ ቀለም ነው።

ቀጥሎ የምናገረውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ክሱ በእናንተ ላይ አይደለምና።

ድንጋዮቹ እንዲነሱ የባለመኪኖቹን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ፣ የእርስዎንም የፈቃድ መልስ በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ፈረሙበት እንጂ። ጥያቄውም መልሱም የአንድ እጅ ጽሑፍ ነው። "የልማት መሰናክል የሆኑ ድንጋዮች" የምትለዋን ሐረግ ከራሴ አመንጭቼ ስለነበር ኮርቼባት፣ ማታ ለጣቢታ አነበብኩላት። እርሷም ድንጋዩ ከተነሳ እኛ በየት በኩል እንሻገራለን ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ አላነሳችብኝም፤ እኔ ግን ከመስከረም 12 ወዲህ ያቺን ጥያቄዋን ሳልሰማ ያደርኩበት ቀን የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይበሉኝ፤ እውነት ነው።

ነገር ግን የሥራ ልማድ አለኝ። የምጽፈውን ሁሉ ካርቦን አድርጌ ሁለት ቅጂ በሣጥኔ አስቀራለሁ። ስለዚህ እርስዎ በየትኛውም መዝገብ አልተገኘም ያሉት የጳጉሜ 2 ቀን ፈቃድ፣ ካርቦኑ ሥር ወርዶ ከቀረው ፊርማዎ ጋር፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ፣ ከማስታወቂያዎ አጠገብ ተለጥፏል። ሌላው ቅጂ ዛሬ ጠዋት ለጣቢያው አዛዥ በእጄ ደርሷል፤ የእኔም ቃል አብሮ ተመዝግቧል። ድንጋዮቹ እንዳልነበሩ የሚመሰክረው የሟች ባል ነውና ከእንግዲህ ከድርን የምታስሩበት ምክንያት ብታጡ አይግረምዎ። በዚህ ሰበብ ጥፋተኛ ከተፈለገ አድራሻዬ ጃንጥላው ሥር ነው።

ሦስቱን ኮሚቴዎች አንድ ለማድረግ ለሚያደርጉት ድካም፣ አራት ወር ሙሉ ዝም በማለት ላሳዩን ትዕግሥት፣ ባለቤቴንም በየትኛውም ቃለ ጉባኤ በስሟ ሳይጠሩ ምስጢሯን ለጠበቁላት ጨዋነት፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ከማይቀንስ አክብሮት ጋር
የኮሚቴዎችዎ የቀድሞ ገልባጭ
ጠና ኤርሲዶ
(ፊርማ)

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ የመናኸሪያው ተሸካሚዎችና እኔ ዛሬ ማለዳ አሥራ አንዱን ድንጋዮች ከኳስ ሜዳው አምጥተን፣ ያለ ማንም ፈቃድ፣ ወደ ቦታቸው መልሰናል። ይነሱልን የሚል ማመልከቻ የምትሹ ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ። አሥራ ሁለተኛው ከቦዩ ወጥቶ በጣቢታ መቃብር ራስጌ ስለቆመ አይመለስም፤ ቦታው ክፍት ነው። ስፋቱን ለክቼዋለሁ፤ ለአንድ ሰው መቆሚያ ይበቃል። የኮሚቴ አባላት በአካል ሰባት ብትሆኑም በሦስቱ መዝገብ ሃያ አንድ ስለሆናችሁ ተረኛ አይቸግራችሁም። የጃጁራ መኪኖች ቅዳሜ መውረድ የሚጀምሩት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።