ከላይ የተጻፈው ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይድረስ ቢቸና ላሉት፣ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለቄስ ገብረ ሕይወት፤ ከልጅዎ ከኃይለ ሚካኤል።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ያ የሚያለቅሰው ግራ ዓይንዎ ተሻለው ወይ? ጉልበትዎስ ቅዳሴ ለመቆም እሺ ይልዎታል? እናቴ ወለተ ኢየሱስስ እንደምን ናቸው? ጤፉ ታጨደ ወይስ ዘንድሮም ዝናብ ደረሰበት? እኔና ባለቤቴ ታንጉት፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካል ደኅና ነን። በአካል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ልቤ ከሐሙስ ጀምሮ ደኅና አይደለም። እርስዎ ቁም ጸሐፊ ነዎትና የልጅዎን ልብ ከፊደሉ ላይ ያነቡታል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴዋ ይርጋነሽ ናት። ከበርበሬው ከረጢት ውስጥ ስለምትደብቀው ሲያነቡት ካስነጠስዎት ይቅር ይበሉኝ። አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩት። ለእናቴም ሁሉንም አያንብቡላቸው።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ሆኜ መመረጤን አምና ጽፌልዎት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ከመጻፍና የስኳር ወረፋ ከመመዝገብ ሌላ ሥራ ያለው አልመሰለኝም። ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ከፋለ ቢሮ ጠራኝና በሩን ዘጋው። የጸረ አብዮተኞችን ስም ላክ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ደርሶታል፤ ቀኑም አልፎበታል። ስለዚህ ጎረቤታችንን፣ የቅኔ መምህሩን መሪጌታ አካለ ወልድን መርጧል። መሪጌታ በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ እናቶችን ልጆቻችሁን ደብቁ፣ ለሚሊሻ አትስጡ ብለዋል፤ አንተም እዚያው ነበርክ፤ ሰማሁ ብለህ በእጅህ ጻፍና ፈርም አለኝ።

አባቴ፣ እኔ ከመሪጌታ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። እርሳቸው ያሉት በየግንባሩ ያሉትን ልጆች ሚካኤል በሰላም ይመልስልን ነው። እናቶቹም አሜን ብለው አለቀሱ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይህንኑ ለከፋለ ነገርኩት። እሱም ምን እንዳሉ መቼ ጠየቅኩህ፣ ጻፍ ነው ያልኩህ አለኝ። ሲናገር ግንባሩን ላብ ላብ ይለው ነበር። እሱም እንደፈራ ሳይ የባሰ ፈራሁ።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልጽፍ ነበር። ቢቸና ገበያ በቅሎ በተራገጠ ቁጥር ጋቢዎ ውስጥ የምወሸቅ ልጅ እንደነበርኩ ያውቃሉ፤ አድጌም ያው ነኝ። ደግሞ ታንጉት የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ብዕሩን አነሳሁና አንድ መስመር ጻፍኩ። ቀና ብዬ ሳየው፣ ኢትዮጵያ ትቅደም መባል ባለበት ቦታ ላይ የጻፍኩት በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ነው።

የጻፈው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። በልጅነቴ ብራናውን ከፊቴ ዘርግተው፣ ስሙን ሳላስቀድም የጀመርኩ እንደሆነ ጣቴን በአርጩሜ ቸብ ያደርጉኝ እንደነበር ትዝ ይልዎታል? ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲሰጡኝ ስሙን ከላይ ማድረግ እንደ መተንፈስ ሆኖብኛል። በቀበሌው መዝገብ ላይ እንዳልሳሳት ዓመት ሙሉ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ድንጋጤው ጥንቃቄዬን ወሰደው።

ከፋለ አነበበው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። ቀጥል አለኝ። ከሥሩ የመሪጌታን ስም ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ስም ሥር ሐሰት መጻፍ እርስዎ አላስተማሩኝም። ራሴን አሞኛል አልኩት፤ እሱስ ውሸት አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሰኞ ሦስት ሰዓት መጥተህ ትጨርሰዋለህ አለኝ። ካልጨረስከው ግን የአብዮቱ ጸሐፊ ሆነህ ይህን መጻፍህ ብቻውን ወህኒ ያስገባሃል አለኝ። ያ ወረቀት ከላይ የእግዚአብሔር ስም ተጽፎበት፣ ከሥሩ ባዶ ሆኖ፣ ከከፋለ ኪስ ውስጥ አለ። ነገ ወይ የመሪጌታ ክስ ይሞላበታል ወይ የእኔ።

እስከ ዛሬ ማምለጫ ስፈልግ ሰነበትኩ። ቆላ ወርጄ ዓባይን ልሻገር አልኩ፤ ታንጉትን በዚህ ሆዷ የት አደርሳታለሁ? አመመኝ ብዬ ልተኛ አልኩ። በመጨረሻ የመጣልኝን ሐሳብ ስነግርዎት አፍራለሁ። ከፋለን ሌላ ንጹሕ ወረቀት ልለምነውና ስሙ በሌለበት ላይ ልጻፍለት አልኩ። እግዚአብሔር ከወረቀቱ ላይ ከሌለ የማያየኝ ይመስል!

እወደዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ማኅሌት ስሰማ እንባዬ ይመጣል፤ የጊዮርጊስን ደጅ ሳልሳለም አላልፍም፤ ረቡዕና ዓርብ ሽሬ አላውቅም። ይህ ሁሉ ግን ምንም አስቸግሮኝ አያውቅም። አሁን አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በሐሰት አትመስክር። ልብስ መልበስ ሳልችል በቃሌ የያዝኳት ትእዛዝ ናት። እርስዎ ተማሪዎችዎን ሲገሥጹ፣ አባቴን እወዳለሁ ካላችሁ ሲልካችሁ ሂዱ እንጂ አንገቱ ላይ አትጠምጠሙ ይሉ ነበር። እነሆ ተላክሁ አባቴ።

ታንጉት ሐሙስ ስነግራት ጽፈህ ስጠውና ልጅህን እይ ብላ አለቀሰች። አልፈረድኩባትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወፍራሙን ጋቢዬን አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታው አገኘኋት። በዚህ ጭንቀት የምን ጋቢ አጠባ ነው ብላት፣ ሰኞ ደርበኸው ሂድ፣ እዚያ ቤት ሲሚንቶው ይበርዳል ይላሉ አለችኝ። ልጻፍ ወይስ አልጻፍ የሚለው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። ፍርሃቱ ግን አላለቀም፤ አሁንም በር ሲንኳኳ ይህን ወረቀት ከፍራሹ ሥር እሸጉጠዋለሁ።

መሪጌታ የሚያውቁት ነገር የለም። ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ልጁ ወንድ ከሆነ ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ፊታቸውን ማየት ግን አቃተኝ።

ነገ ሄጄ አልጽፍም እለዋለሁ። ድምፄ መውጣቱን እንጃ፤ በጸሎትዎ ያግዙኝ። ወደ ቤት ያልተመለስኩ እንደሆነ የእህቴን ባል ጓዴን ልከው ታንጉትን ይውሰዷት፤ እናቴ እጅ ላይ ትውለድ። ለልጁም ስም እርስዎ ያውጡለት።

የእናቴን ጉልበት ስሜያለሁ። ለእህቴ ለአየሁሽ ናፍቆቷ አላስቀምጥ እንዳለኝ ይንገሩልኝ። ለጓዴ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ልጃቸውን ውበቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታንጉትም የእርስዎን መስቀል በሐሳቧ ተሳልማለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ስሙን ከላይ ሳላደርግ ነበር። መንገድ ላይ ቢያዝስ፣ በከፋለ ኪስ ካለው ጋር ቢያስተያዩትስ ብዬ ነው። የመጀመሪያው መስመር ተጣቦ ከወረቀቱ ጫፍ መጠጋቱን እርስዎ ገና ሲከፍቱት አይተውታል። አሁን ሁሉን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ ያስገባሁት ነው። ይህኛውን የጻፈው እጄ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ልጅዎ ኃይለ ሚካኤል
ሞጣ፣ እሑድ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.