ፋይሉን ማን ስካን ያድርገው

ሰኞ
«ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» ያልተባለ ሰው አለ? ዛሬ ይህን ንግግር የሚያስቀር ሥራ ተሰጠኝ! ሰበታ ያለው መሥሪያ ቤታችን የገበሬውን የመሬት ፋይል በሙሉ ስካን ሊያደርግ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ያሉት ቅርንጫፎችም ይከተላሉ። ጥያቄው ማን ይሥራው ነው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በመኪና ጭኖ ይውሰደው ወይስ መዝገብ ቤታችን እዚሁ ይሥራው? የውሳኔ ሐሳቡን ዓርብ ፈርሜ የማቀርበው እኔ ነኝ። ገና የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩት የኮምፒውተር ባለሙያ!

ኃላፊዬ አቶ ደረጀ በሩን ዘጉና «ይሄ ጥናት አያስፈልገውም፤ ድርጅቱ ይውሰደው በይ። የቋሚነትሽ ነገር እኮ በእጄ ነው» አሉኝ፣ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነት ለመናገር እኔም የማስበው ድርጅቱን ነበር። የኛ ማሽን አንድ ለናቱ ነው፣ እሱም ወረቀት ይበላል።

ማክሰኞ
መዝገብ ቤት ወረድኩ። ኃላፊዋ አዴ ጫልቱ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ኮምፒውተሯ!» ብለው ተቀበሉኝ።

እዚህ ፋይል የሚከፈተው ባለቤቱ ፊት ነው። መመሪያ አይደለም፣ ልማድ ነው።
«ባለቤቱ ከሌለስ?» አልኳቸው።
«ልጁ ይመጣል። ልጁ ከሌለ ጎረቤት። ብቻዬን ከፍቼ አንድ ወረቀት ቢጎድል፣ ማን ያምነኛል?»
እኔ ደግሞ «ጊዜ ያባክናል» ብዬ መዘገብኩት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደረጀ የኔን ሐሳብ እንኳ ሳይጠብቁ በሩ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉ፦ «ፋይላችሁ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በትዕግሥት ጠብቁ።» ለምን እንደሚሄድ አልተጻፈም። በዚህ ሰሞን! ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ለአዲስ አበባ ሊሰጥብን ነው ተብሎ ሰዉ አደባባይ በሚወጣበት ሰሞን።

ረቡዕ
ጠዋት እንደገባን ዋናው መንገድ ተዘጋ። ጎማ ይቃጠላል፣ ጭሱ በመስኮት ይታያል። ጥበቃው ግቢውን ቆለፈ። ውጭ ሰው ተሰብስቧል።

ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ፉሪ በኩል እርሻ ያላቸው፣ በብረት በሩ ፍርግርግ ጠሩኝ።
«ልጄ፣ መሬቴ የሚሄደው በየትኛው መኪና ነው?»
«ኦቦ፣ ፋይልዎ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም። ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ ሌላ ነገር የለውም።»
«የወንድሜም መሬት ይለካል እንጂ ሌላ ነገር የለውም ነበር ያሉት። ዛሬ የሌላ ሰው አጥር አለበት።»


አቶ ደረጀ አዲስ አበባ ናቸው፤ ደወሉ። መንገዱ እንደተከፈተ መኪናው ይመጣል፣ ፊርማሽን አዘጋጂ አሉ። የተከራየሁት ቤት ፉሪ ነው፤ በየት ልሂድ? አዴ ጫልቱ «እኛ ዘንድ እደሪ፣ ፉሪ ዛሬ እንደ ሞያሌ ርቃለች» ብለው በጓሮ በር ይዘውኝ ወጡ።

ሐሙስ
ዳታ የለም። መንገድ የለም። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ውጪና ነይ» ትላለች። በምን?

የሚያስጨንቀኝ፦ ቋሚነቴ። የቤት ኪራዬ። ፋይል የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቢያዝ። የኔ ፊርማ እዚያ ላይ ቢገኝ።

ከአዴ ጫልቱ ጋር በጓሮ በር ቢሮ ገባን፤ በሩ ላይ ቆመው ያገኘናቸውን ኦቦ ቱሉን አስገባኋቸው። ማሽኑ አጠገብ ወንበር ሰጠኋቸው፤ አዴ ጫልቱ ፋይሉን ፈቱ፤ እኔ ስካን አደረግኩ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። «ከኔ በሬ ትብሳለች፣ እያየች ትቆማለች» ብለው ኦቦ ቱሉ ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ ከትናንት ወዲህ ገና መሳቃችን ነበር።

ማሽኑ እንደገና ሲነሳ እያንዳንዱን ገጽ ስክሪኑ ላይ አዩ። አንዱ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ ቁሚ» አሉ። የአባታቸው የአውራ ጣት አሻራ ነው። ጎንበስ ብለው አዩት። ወረቀቱ ወደ ፋይሉ ሲመለስም ዓይናቸው አልተነቀለም።
ሲነሱ «የሌላውን ሰው ማን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።
«እኛ። እዚሁ» አልኩ።
አመለጠኝ። አሁን ቃል ሆነ።

ዓርብ
ጻፍኩት። መዝገብ ቤቱ ይሥራው፣ እዚሁ፣ ባለቤቱ ባለበት። ይዘገያል፤ ይዘግይ። ድርጅቱ መሥራት ከፈለገ ማሽኑን ይዞ እኛ ጋ ይምጣ። ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነሳ። ፈረምኩ።

ለአቶ ደረጀ በስልክ አነበብኩላቸው።  «ስለ ራስሽ አስበሻል?» አሉኝ።
«አስቤያለሁ።»
«እሺ። መንገዱ ሲከፈት እንነጋገራለን።»
እሺ ማለት ምንድን ነው? አላውቅም። ሊያስቡበት መሰለኝ፤ ወይም በቦታዬ አዲስ ሰው እየፈለጉ ነው። መንገዱም እንደተዘጋ ነው። አሁንም የአዴ ጫልቱን ቀሚስ ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ እጅጌው ለሁለት ይበቃል።

አብረውኝ ለተቀጠሩት ለቡራዩውና ለሱሉልታዋ ልጅ ቴክስት ጻፍኩ፣ ኔትወርክ ብቅ ሲል ይሄዳል፦

«እናንተም ይህንኑ ጥያቄ ትጠየቃላችሁ። እኔ እዚሁ ይሠራ ብዬ ፈርሜያለሁ። የሰበታ ብቻ ከሆነ ይጥሉታል፤ ሦስታችንም ካልን ግን ይከብዳቸዋል። ትፈርማላችሁ? አይሆንም ብትሉም መልሱልኝ።»