ለሕንፃችን አስተዳዳሪ፦ እባክዎ ለአንድ ቀን ከሥራ ይቅሩልኝ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘው ማሽንም እንደምን ሰነበታችሁ? የማሽኑን ደኅንነት እንኳ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ትንፋሹ በየቀኑ ይደርሰኛል።

እኔ ከቢሮዎ በላይ የምኖረው የፎቶ አንሺው ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ሲያነሣ ኖሮ ዓይኑ ሲደክም ካሜራውን ሰቀለ። ፎቶዎቹን በሙሉ በዕቃ ቤታችን መስኮት አጠገብ በተቀመጠች፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በጎረሰች ትንሽ ማከማቻ ሳጥን ውስጥ አኑረናቸዋል። አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ነው። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሙቀት ወደ ውጭ የሚተፋውን የማቀዝቀዣዎን አካል ልክ ከዚያች መስኮት ሥር ስላስተከሉልኝ እጅ እነሣለሁ። ዲስኮቼ በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ተደብቀው ይኖሩ ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ሃምሳ አምስት ደርሰው ዓለምን አዩ። ሳጥኗን ወደ ሌላ ክፍል እንዳልወስዳት ደግሞ ግድግዳ በስቶ የኢንተርኔት መስመር ማሳለፍ በራስዎ ፊርማ ተከልክሏል።

ሁለተኛ፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም ጥፋት አለበት። ሌት ተቀን እንዲሠሩ የተዘጋጁ፣ ቀስ ብለው የሚሽከረከሩና ብዙ የማይግሉ ዲስኮች እያሉ፣ እኔ ሻጩ "ፈጣን ነው" ሲለኝ ፈጣኑን ገዛሁ፤ ያውም ሁለቱንም ከአንድ ካርቶን። ኮምፒውተር ጠጋኟ ታናሽ እህቴ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዲስክ ነው ምድጃ የገዛሽው? መንታ እኮ አብሮ ያረጃል፣ አብሮ ይሞታል!" ብላ ጮኸችብኝ። ባለፈው ወር አንዱ ሞተ። የቀረው መንታው ሠላሳውን ዓመት ብቻውን ተሸክሞ ቆሟል።

ሦስተኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፣ ደስታዬ ነው። ሳጥኗ የዲስኩን ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ በመስመር እየሣለች ታስቀምጣለች። ማቀዝቀዣው የሚነሣው እርስዎ ቢሮ ሲገቡ ነውና፣ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ለካ የእርስዎ የሥራ ሰዓት ኖሯል! በርዎ ላይ "ሥራ የሚጀመረው በሁለት ሰዓት" ይላል፤ መስመሩ ግን ከአራት ተኩል በፊት ንቅንቅ አይልም። በስድስት ሰዓት ይወርዳል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ለአመል ያህል ቀና ይላል፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ለጥ ብሎ ይተኛል። አርብ አርብማ ዲስኬም እረፍት ላይ ነው። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ይቀበሉ፦ ትጉህ ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ የባለቤቴ ፎቶዎች ይኸኔ ጠፍተው ነበር።

ችግሩ የመጣው በዚህ ሳምንት ነው። የሕንፃው ባለንብረቶች ሐሙስ ለቁጥጥር እንደሚመጡ ከተነገረ ወዲህ እርስዎ በሁለት ሰዓት ገብተው እስከ አሥራ አንድ ይቀመጣሉ፤ መስመሩም ሃምሳ አምስት ላይ ወጥቶ ቀረ። ቀዝቃዛና ዝግተኛ የሆነ አዲስ ዲስክ ገዝቼ አዘጋጅቻለሁ። ነገር ግን ፎቶዎቹን ወደ እሱ መገልበጥ ሌሊቱ ብቻ አይበቃውም፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ አሮጌውንም የባሰ ያግላል። እህቴ "ዲስኩ እስከ እሑድ አይቆይልሽም፤ በዚህ ሙቀት ግን እጄን አላስገባም" ብላለች። ሰኞ ወርጄ ስለምንዎ፣ "እመቤት፣ ማራገቢያ ይግዙለት" አሉኝ። ገዛሁለት፤ የእርስዎኑ ሙቀት መልሶ ያራግብለታል።

ስለዚህ ረቡዕን፣ አንዲት ረቡዕን ብቻ፣ በቀድሞው መልካም ልማድዎ መሠረት ከሥራ ገበታዎ እንዲቀሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

መቅረትዎን በጉጉት የምትጠባበቅ፣ መምጣትዎን በዲግሪ የምትለካ አክባሪዎ፣
የላይኛው ፎቅ ጎረቤትዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ረቡዕ መጥተው ዲስኩ ከሞተብኝ፣ ከሠላሳ ዓመት ሥዕል የሚተርፈኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእርስዎ የሦስት ወር የሥራ ሰዓት መስመር። በትልቁ አሳትሜዋለሁ። ሐሙስ ባለንብረቶቹ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ የምቀበላቸው እሱን ይዤ ነው።